ደግነት ያለሰለሰው አፍንጫ

ዲላ ውስጥ ቡና የጫነ አይሱዙ ተጋጭቶ ሰው ከተረፈ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ቀጥሎ ደግነትን ይፈልጋል።

ደግነት በጋሽ ገሪማ ጋራዥ የስቱኮና የቀለም ሠራተኛ ነበር። ሌሎቹ የተጨረማመተውን ላሜራ ደብድበው ያቀኑለታል፤ እሱ ስቱኮ ይለቀልቅበታል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ቀለም ይነፋበታል። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ከኮፈኑ እስከ ኋላ በር ድረስ ቀስ አድርጎ ይሰዳል። መዳፉ የትም ካልተደናቀፈ ሥራው አለቀ። ሾፌሮቹም “ደግነት የነካው ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች” እያሉ ስሙን እስከ ወናጎና ይርጋጨፌ አደረሱለት።

ችግሩ ሰውዬው ራሱንም እንደ መኪና አለስልሶ መኖሩ ነው። “አይ” የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። መጠየቅማ ጨርሶ አይሆንለትም፤ የጠየቀ ሰው አላዋቂነቱን አደባባይ ላይ ያሰጣ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ጠፋና “ወንድም ደግነት ይግባልን” ተብሎ ከመዘምራን ጋር ተደባለቀ። ድምፅ የለኝም ለማለት አፈረ። ስለዚህ የመዘምራኑን ልብስ ለብሶ፣ ከኋላ ረድፍ ቆሞ፣ ለዓመታት ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ አገለገለ። የመዘምራኑ መሪም በጉባኤ ፊት “የደግነት ድምፅ ጎልቶ አይሰማም እንጂ መሠረታችን ነው” ብሎ መስክሮለታል።

ሚስቱ ማርቲ ግን ታውቀዋለች።

“አንተ እኮ ቤታችን በእሳት ቢያያዝ እሳቱን ‘ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ’ ነው የምትለው” ትለዋለች።

“እሳት ደግሞ ምን አንቱ ያስብለዋል” ይላል ፈገግ ብሎ።

“ታያለህ። ታያለህ ብያለሁ።”

እሳቱስ ደረቱ ውስጥ ነበር። የጋራዡ የኋላ ግድግዳ ድፍን ብሎኬት ስለሆነ የስቱኮው ብናኝ መውጫ ያጣና እዚያው ሲዞር ይውላል። ደግነት ማሳል ከጀመረ ሰንብቷል። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ “ከብናኝ ካልራቅህ ሳንባህ ራሱ ስቱኮ ይሆናል” አለችው። ማርቲ “ለጋሽ ገሪማ ንገራቸው” አለችው። “እሺ” አላት። እሺ ካለ ወዲህ ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ ሌላው ክረምትም መጥቶ ሄደ፤ ደግነት ግን ገና አፉን ለመክፈት እየተዘጋጀ ነበር።

ተስፋ የመጣለት ከሌላ በኩል ነው።

ከጋራዡ ማዶ ካለ ፍራሽ መሸጫ በላይ ባለው ፎቅ ላይ አንድ የግል የቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። እዚያ የሚያስተምረው መምህር መላኩ ውጭ አገር ሄዶ የተማረው ስለ ፈጣን በረራ ነው፤ ከድምፅ አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚፈጥን ነገር። ዲላ ውስጥ የሚበር ነገር ቢኖር ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ሚኒባስ ብቻ ስለሆነ፣ ኮሌጁ ብየዳ እንዲያስተምር መደበው። እሱም ብየዳ ያስተምራል፤ ነገር ግን በየመሐሉ “በነገራችን ላይ አየር ማለት” ይልና ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

የኮሌጁ ዲን አቶ በዛብህ አንድ ቀን ጠሩት። ከአዲስ አበባ የቦርድ እንግዶች ሊመጡ ነው።

“የሚታይ ነገር ያስፈልገናል” አሉት። “ብየዳ የትም አለ። ያ ሁልጊዜ የምትለው በረራ የለም እንዴ? እሱን አሳያቸው።”

መላኩ በደስታ እንቅልፍ አጣ። ከድምፅ የሚፈጥን ነገር ጌዴኦ ዞን ውስጥ ከየት ይመጣል? ግን የነገሩን ጠባይ በቀስታ በሚሄድ ውሃ ላይ ማሳየት ይቻላል። ይርጋጨፌ አቅራቢያ ዱመርሶ ያለው የቡና ማጠቢያ ረጅም የሲሚንቶ ቦይ አለው፤ እሸቱ ታጥቦ ስላለቀ ቦዩ ባዶውን ተኝቷል። ከዋንዛ እንጨት ሁለት ሹል ነገር አስጠርቦ፣ በክንዱ ታቅፎ ጋራዥ መጣ።

“ደግነት፣ ይህ አፍንጫ ነው” አለው።

“እሺ መምህር።”

“የማን አፍንጫ ነው አትለኝም?”

“የእርስዎ ይሆናላ።”

መላኩ ሳቀና በርሜል ላይ ተቀምጦ ያስረዳው ጀመር። “የሚበር ነገር አፍንጫ ነው። የእንሰት ግንድ ሲቆረጥ አይተሃል አይደል? ንብርብሩ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተኛ? አየርም እንደዚያ ነው። ቆዳውን የነካው ድርብ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከሱ በላይ ያለው ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይሮጣል። አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተተ በሥርዓት ሲሄድ ቆዳው ብዙም አይሞቅም። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይፈርስና ይተራመሳል። ያን ጊዜ ከላይ ያለው ትኩስ አየር ወደ ታች እየወረደ ቆዳውን ይጠብሰዋል። እንግዲህ ጥያቄው የት ጋ ይተራመሳል የሚለው ነው። ገባህ?”

“ገባኝ መምህር።”

የገባው ግን ‘እንሰት’ የሚለው ብቻ ነበር።

“በል እንግዲህ ሁለቱንም አለስልስልኝ። የቀረውን በኋላ እነግርሃለሁ” ብሎ ወደ ክፍሉ ሮጠ።

በማግስቱ አቶ በዛብህ ራሳቸው መጡ፤ አቧራውን በመሐረብ እየተከላከሉ በሩ ላይ ቆሙ።

“አደራ፣ እንከን እንዳይኖር” አሉት። “እንግዶቹ ፊት አንዳች ሳይንኮሻኮሽ ካለፈ፣ ወርክሾፓችን ውስጥ ዕቃ የሚያወጣና የሚያስገባ ቋሚ ሠራተኛ እንፈልጋለን። ላንተ ይሆናል። ክፍሉም መስኮቱ ሰፊ ነው።”

ቋሚ የሚለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። መስኮት የሚለው ግን ደረቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ደግነት ሁለቱን አፍንጫዎች እንደ ሙሽራ ተንከባከባቸው። ፈገፈገ፣ ቀባ፣ ደግሞ ፈገፈገ። ሳያስል የዋለ ቀን አልነበረም፤ ሆኖም በሳለ ቁጥር መስኮቱን ያስባል።

ታዲያ ደግነት ምሳ ሊበላ በሄደበት መምህር መላኩ መጣ። ከሁለቱ አንዱን አንሥቶ፣ ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ዙሪያውን በማጣበቂያ የአሸዋ ፍሬ በረድፍ ለጠፈበት። ጋሽ ገሪማ በዚያ ሰዓት ከአንድ ሾፌር ጋር ስለ ስፔኪዮ ይጨቃጨቁ ነበር።

“ጋሽ ገሪማ፣ ይህን አሸዋ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ደግነት እንዳይነካው፤ ላዩ ላይ ስስ ቀለም ብቻ ይንፋበት በሉልኝ” አላቸው።

“እሺ የኔ ጌታ” አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ደግነት ሲመለስ “መምህሩ መጥቶ ነበር። ቀለም ንፋበት ብሏል” አሉት።

‘ሌላስ?’ ማለት የሚባል ነገር አለ። ደግነት አላለም።

አፍንጫውን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ መዳፉን ሰደደ። መዳፉ ግርር ብሎ ተደናቀፈ። ዓይኑን ሲከፍት አሸዋ። ለቀለም ሠራተኛ ቀለም ውስጥ የገባ አሸዋ ማለት ለድግስ የተጋበዘ ሰው ወጡ ውስጥ ያገኘው ጠጠር ማለት ነው። ደነገጠ፤ ቀጥሎ አሰበ፤ ቀጥሎ አዘነ። መምህሩ ራሱ ሊቀባ ሞክሮ የመንገድ አቧራ ገብቶበት ነው ብሎ ደመደመ። ተምሮ ተምሮ ቀለም መቀባት ያቃተው ምስኪን። ሄዶ ቢጠይቀው ደግሞ ሰውዬው ያፍራል። የሰው ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይጠየቅም።

ስለዚህ ሸፈነለት። አሸዋውን አንድ በአንድ ፈግፍጎ አነሣ፣ ቦታውን በስቱኮ ደፈነ፣ ቀባ፣ አንጸባረቀ። ሁለቱም አፍንጫ እንደ መንታ አንድ ሆነ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አስረከበ፤ መላኩም ቀለሙ እንዳይጫር ብሎ እስከ ዝግጅቱ ቀን ጨርቁን አልፈታውም። “እግዜር ይስጥልኝ” ሲለው መላኩ፣ ደግነት ‘እኔስ የሠራሁልህን ብታውቅ’ በሚል ዓይን አየው።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን የካቲት ላይ ዋለ። ዱመርሶ ሁለት ዛፍ መካከል “ዱመርሶ በድምፅ ፍጥነት” የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ወሬው አስቀድሞ ኢዲዶና ባንኮ ጎቲቲ ደርሶ ስለነበር ገበሬው ጃንጥላውን ይዞ መጥቶ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። የማጠቢያው ዘበኛ ጴጥሮስ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ደግነትን ይዞታል።

“አይሮፕላኑ የት ነው የምትቆመው?” አለው። “የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ከሆነች እኔ አልፈቅድም።”

ደግነት ራሱን ነቀነቀ።

“ሾፌሯስ መጥቷል?”

ደግነት ራሱን ነቀነቀ። ጴጥሮስ ሰውዬው ዱዳ መሆኑን ተረድቶ አዘነለትና ተወው።

አቶ በዛብህ መላኩን ወደ ጎን ወሰዱት።

“ያችን ‘መተራመስ’ የምትላትን ቃል ቀለል አድርጋት። እንግዶች አሉ።”

“ምን ልበላት?”

“መጠነኛ የአቅጣጫ ለውጥ።”

ደግነት ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ አፍንጫዎቹን ከብረት ማቆሚያው ጋር የማሰር ሥራ የሱ ነበር። መላኩ ከላይ ሆኖ የግሉኮስ ቱቦ ይዟል። ቱቦው ውስጥ ያለው ቀለም ከአቶ በዛብህ ቢሮ የመጣ ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከወረቀት ሌላ ነገር አየ። ጴጥሮስ ውሃውን ለቀቀ። ቀጭን ወይን ጠጅ ክር ከቱቦው ወጥቶ፣ የመጀመሪያውን አፍንጫ እየታከከ፣ ሳይዛነፍ እንደ ተወጠረ ገመድ ሄደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

“ይህ ልስልሱ ነው” አለ መላኩ። “አሁን ሁለተኛውን እዩ። ይህኛው ላይ እኔ ሆን ብዬ የአሸዋ ፍሬ ለጥፌበታለሁ።”

ደግነት ቦዩ ውስጥ እንደቆመ ‘ሆን ብዬ’ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዞሮ ሁለተኛውን አፍንጫ አየው።

“አሸዋ ምን ያደርጋል ብትሉ” ቀጠለ መላኩ፣ “አፍንጫው ጫፍ አካባቢ የአየሩ ድርብ ገና ስስ ነው። እዚያ ጋ አንድ ፍሬ አሸዋ እንደ ተራራ ናት። እርግጥ ፍጥነቱ በጣም ሲበዛ አየሩ ግትር ይሆናል፣ ለማተራመስ ተለቅ ያለ ፍሬ ይፈልጋል። ታዲያ ለምን ይለጠፋል? መተራመሱ የማይቀር ከሆነ የት እንደሚጀምር እኛ እንምረጥ ብለን ነው። አሸዋውን በገዛ እጁ ያላስቀመጠ ሰው የት ጋ እንደሚጠበስ አያውቅም። ይኸው፣ ክሩ አሸዋው ጋ ሲደርስ ትርምስምሱ... ማለቴ መጠነኛ የአቅጣጫ ለውጥ ታያላችሁ።”

ቀለሙ ተለቀቀ። ክሩ መጣ፣ አፍንጫውን ነካ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከፊተኛውም ይልቅ የሚያምር ነበር።

ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ በዛብህ ናቸው። ከቦርዱ እንግዶች አንዱ ተነሥተው “ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም ሰላማዊ” አሉ። “ውጤት ማለት ይህ ነው። አሸዋ እንኳ ያላናወጠው።” ጭብጨባው ደመቀ። አቶ በዛብህ ወደ ቦዩ ዞረው ለደግነት ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉለት። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተለት ማለት ነው።

መላኩ ብቻ አላጨበጨበም። ቱቦውን እንደያዘ ቦዩ ዳር ተቀመጠ። ፊቱ ጭቃ መስሏል።

“ስሌቱ ስህተት ነው” አለ ለራሱ። “ያን ሁሉ ዓመት። ለካ የኔ ነገር ብየዳ ነው።”

ይህን የሰማው ቅርብ የነበረው ደግነት ብቻ ነው። አሸዋው የት እንደሄደ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ዝም ቢል ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እሱም ከብናኙ ይወጣል። ዝም ማለት ደግሞ ሙያው ነው፤ ተክኖበታል። አፉን ከፈተ። እንደ ለመደው እንደ መዘምራኑ ጊዜ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። መላኩ ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ።

“መምህር” አለ ደግነት።

ማንም አልሰማም።

“መምህር። አሸዋውን እኔ ነኝ ያነሣሁት።”

የወጣው ድምፅ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ወፍራም ነበር። ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። ጴጥሮስ የውሃውን መዝጊያ እንደያዘ “ይሄ ሰው ትናገራለች እንዴ” አለ።

“ምን አልክ?” አለ መላኩ።

“እርስዎ ሲቀቡ አቧራ የገባብዎት መስሎኝ... እንዳያፍሩ ብዬ ነው። በስቱኮ ደፈንኩት።”

መላኩ ይቆጣል ሲባል ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ከነጫማው። አፍንጫውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ደግሞ ዳበሰ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ።

“ልስልስ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም። አንተ ሰውዬ፣ ስሌቱ ልክ ነው።”

“አቶ ደግነት” አሉ አቶ በዛብህ ከላይ ሆነው፤ ድምፃቸው ማር ነው፣ ዓይናቸው ግን ማር አልነበረም። “ዝግጅቱ አልቋል። አምሮ ያለቀ ነገር አይነካም። እንግዶቹ ሊሄዱ ነው።”

ደግነት ወደ ላይ አያቸው። መስኮቱን አሰበው። ከዚያ “እንደሱ አይሆንም ጌታዬ” አለ፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ራሱ ደነገጠ።

ኪሱ ውስጥ የስቱኮ ጣሳ ጠፍቶ አያውቅም። አፍንጫውን አውጥቶ በሸሚዙ አደረቀው፣ ስቱኮውን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ቀባበት፣ ጴጥሮስ በእጁ ያቀበለውን የመንገድ አሸዋ በረድፍ ለጠፈበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠፋው የኖረውን ነገር በገዛ ጣቱ ሲተክል እጁ እምቢ እያለው ነበር። ስቱኮው እስኪይዝ እንግዶቹ ለስላሳ ጠጡ፤ አቶ በዛብህ ስለ አየሩ ጸባይ፣ ማለትም ስለ ዝናቡ፣ አጫወቷቸው።

ውሃው ተለቀቀ። ክሩ ቀጥ ብሎ መጣ፣ አሸዋው ጋ ደረሰ፣ ተርገፈገፈ፣ ተጠማዘዘ፣ ከዚያ በኋላ ክር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከአሸዋው ወዲያ ያለው ውሃ በሙሉ ወይን ጠጅ ጭስ ሆነ። ገበሬዎቹ ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ ሳቁ፤ ከጧት ጀምሮ አንድ ነገር ሲሆን ያዩት ገና አሁን ነው።

“እንግዲህ ይኼኛው የተበላሸው ነው?” ጠየቁ የቦርዱ እንግዳ ፊታቸውን አጨማድደው።

“አዎ” አለ መላኩ፣ የደስታ እንባው እየመጣ፣ “የተበላሸው ይህ ነው።”

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሄዱ። በማግስቱ ኮሌጁ ውስጥ በተነገረው መሠረት የሁለቱም አፍንጫ ሙከራ በሰላም ተጠናቅቋል። የዕቃ ክፍሉ ሥራ ‘ረጋ ላለ ሰው’ ተሰጠ፤ ረጋ ያለው ሰው የአቶ በዛብህ የእህት ባል ነው፣ መስኮቱን ብርድ ነው ብሎ አይከፍተውም ይባላል።

ደግነት ጋራዥ ገባ። ብናኙ እንደ ወትሮው እየዞረ ጠበቀው። ጥቂት ሳለ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጦ ሻይ ወደሚጠጡት ወደ ጋሽ ገሪማ ሄደ።

“ጋሼ፣ የኋላው ግድግዳ ለምንድነው ድፍን የሆነው?”

ጋሽ ገሪማ ሻያቸውን ይዘው ግድግዳውን አዩት፤ ከዚያ በፊት ያዩት አይመስልም።

“እንጃ። ብሎኬቱ ተርፎ ነው መሰለኝ። ምነው?”

“ብናኙ መውጫ አጥቶ ደረቴን እየበላው ነው።”

“ስታስል ብርድ ነው ብዬ” አሉ። “ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ አፍህን ምን ለጎመው? እኔ የሰው ደረት አነባለሁ እንዴ?”

በሳምንቱ ግድግዳው ከወገቡ በላይ ፈረሰ። ከኋላው የጎረቤት እንሰት ብቅ አለ፤ ነፋሱም በዚያ ገብቶ ብናኙን በፊት በር ይዞት ይወጣል። ሳሉ ወዲያው ባይተወውም ቀለለለት።

የቀለለው ግን ሳሉ ብቻ አይደለም። ለመዘምራኑ መሪ ሄዶ “ድምፄን አውጥቼ አላውቅም” አለው፤ መሪው “መሠረታችን ፈረሰ” ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን መዝሙሩ እንደድሮው ነው የሚሰማው። ደንበኛ ደግሞ መኪናውን ይዞ ሲመጣ “ለምን ቀይ? ለምን ዛሬ? ይህቺን ጭረት ማን ነው ያደረጋት?” እያለ ያደርቀዋል። ማርቲ ሳትቀር “ያ እሳቱን አንቱ የሚለው ባሌ በስንት ጣዕሙ” ማለት ጀምራለች።

መምህር መላኩ ብየዳውን እያስተማረ ነው። አልፎ አልፎ አዲስ አፍንጫ ያስጠርብና አሸዋውን ለጥፎ ይመጣል። ባለፈው ሲመጣ ደግነት እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ሰደደ፣ ተደናቀፈ፣ ቆመ።

“መምህር፣ ይህ አሸዋ የእርስዎ ነው ወይስ የመንገዱ?”

“የእኔ ነው።”

“ይህቺ ከረድፉ ወጣ ያለችውስ?”

መላኩ ጎንበስ ብሎ አያት። “እሷ የመንገዱ ናት።”

“ላንሣት?”

“አንሣት።”